ለኮምፒውተር ቆጠራ ወደ እህቴ ፒያሳ

ባቡሩን በጩኸቱ እንጂ በወንበሩ የማታውቁት የሰፈሬ ሰዎች፣ ከተመለስኩ ጀምሮ «እንዴት ነበር?» እያላችሁ ደጄን አላስቀመጣችሁትም። ለእያንዳንድሽ ከምደጋግመው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። የአዲስ አበባን ውበት ለመስማት የጓጓሽ ካለሽ ከወዲሁ ላስጠንቅቅሽ፤ እኔ ያየሁት በቅናት ዓይን ነው። የቀና ሰው ደግሞ ሕንፃውን ትቶ የሚኖርበትን ሰው ፊት ነው የሚያየው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ሥራ ልንገራችሁ። የምሠራበት ኮርፖሬሽን በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ማስገባት ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ማሽኖቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ ተቆልፎበት ብቻውን ይኖራል። ስለዚህ በየትኛው ማሽን ውስጥ ምን ዕቃ እንዳለ፣ ምን ፕሮግራም እንደተጫነ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በደብዳቤ ቢጠይቁ አንዱ ቅርንጫፍ «ማሽኑ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል» ብሎ መለሰ። ሌላው «ቀለሙ ነጣ ያለ ነው» አለ። የድሬዳዋውን መልስ የላክሁት እኔ ነበርኩ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ እያነበብኩ አንድ አጭር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ዲስኬት በሚሉት፣ ፖስታ በሚመስል ስስ ጥቁር ነገር ላይ ተቀምጧል። ዲስኬቱን ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ሳስነሳው፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብቦ እዚያው ዲስኬቱ ላይ ይጽፈዋል። መልሴን ባዩ ጊዜ «ነይና የእኛንም ቁጠሪልን» ብለው ጠሩኝ።

ይህ የኮርፖሬሽኑ ጉዳይ ነው። የእኔ ጉዳይ ልጄ ነበረች።

ሂሩትን ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ፎቶዋን ቤቴ አይታችኋል። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ድሬ ላይ መድፍ ሲወርድ፣ ገና አፏን ሳትፈታ ፒያሳ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለበላይነሽ ሰጥቻት ነበር። ጦርነቱ አለፈ። ልጅቷ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር ወባው እየጣላት፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ገብታ፣ ዛሬ ነገ ስንል እዚያው አደገች። እህቴ አልወለደችም፤ ባሏም ሞቶባታል። እኔም ከሂሩት ሌላ አልወለድኩም። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠቅልዬ ላመጣት ቆርጬ ነው የተነሳሁት።

ማክሰኞ

ባለቤቴ እስከ ድሬው ባቡር ጣቢያ ሸኘኝ። እዚያ የከረመው ሙቀት ሳይነጋ ተነስቶ ጠበቀን። ኤረር ላይ ብርቱካን ገዛሁ፤ ሚኤሶ ላይ አንዲት ሴት የግመል ወተት አቀመሰችኝና ጣሳውን ተቀብላ «ለአገርሽ ሰዎች ሰላም በይ» አለችኝ፤ የአዲስ አበባ ሰው መስያት።

አዋሽ ላይ ፊናንሶች ለፍተሻ ገቡ። ከድሬ የሚመጣ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነውና አንዱ ሻንጣዬን ከፍቶ የዲስኬቱን ሳጥን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ዲስኬት ነው።»

«ዘፈን ነው?»

«አይደለም ወንድሜ፤ የኮምፒውተር ነው።»

አንዱን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። በመሃሉ ቀዳዳ ፀሐይዋን አያት፤ ሊያጥፈው እጁን ሲያመቻች ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ የመንግሥት ነው ትልሃለች፤ ብትሰብረው ነገ አንተን ነው የሚያጥፉህ» አሉት። ሳቀና መለሰልኝ። ሽማግሌው አዲስ አበባ ለገሃር እስክንደርስ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ያዙልኝ። ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

አዲስ አበባ ስንገባ ይዘንባል። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ ሰው በደስታ ወደ ደጅ ይወጣል፤ እዚያ ግን ጃንጥላ ዘርግተው ይራገማሉ። በዝናባቸው ቀናሁ። በላይነሽ ሹራብ ይዛልኝ ቆማ ነበር፤ ድሮም እንደምረሳ ታውቃለች። ከጎኗ አንዲት ረጅም ልጅ አለች። ጉንጬን እንደ እንግዳ ሦስት ጊዜ ስማ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የድሬ እማዬ» አለችኝ።

ወዲያው ወደ እህቴ ዞራ፣ «እማዬ፣ ሻንጣውን እኔ ልያዝ?» አለች።

ሰማችሁ? አንዷ እማዬ ናት፤ አንዷ የድሬ እማዬ። እንደ ጨርቅና እንደ ሎሚ የመጣሁበት አገር ተጠርቶልኛል።

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቸርችልን ሽቅብ ወጣን። ሰው «መንገዱን አየሽው? ቲያትር ቤቱን አየሽው?» ይለኛል። ያየሁት የሂሩትን እጅ ነው፤ እህቴ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይሞቅ ነበር።

ረቡዕ

የእህቴ ቤት ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር አፋፍ ላይ ያለች የቀበሌ ቤት ናት። የእኔ ሳሎን እሷን ሁለት ጊዜ ይውጣታል። ግን ግድግዳው በሙሉ ሂሩት ናት፤ በትምህርት ቤት ልብስ፣ በጥምቀት ቀሚስ፣ ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ። እኔ ያላየኋት ሂሩት ሁሉ እዚያ ተሰቅላለች።

ጠዋት በእንግድነት ልመዘገብ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ መጡ?» አለኝ።

«ለኮምፒውተር ቆጠራ።»

«ሕዝብ ቆጠራ አልቆ ማሽን ቆጠራ ገባ? ሲቆጠሩ ቤት ይገኛሉ ወይስ ሥራ ናቸው?»

አራዳ እንዲህ ነው፤ ማኅተም ሲመታ እንኳ ይቀልዳል። የእኛ ቀበሌ ጸሐፊ ቢሆን ዓይኑን ሳያነሳ ነገ ተመለሺ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤት ወረድኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታደሰ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ወፍራም፣ ጨዋ፣ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ የሚጠርጉ። ማሽኖቹ ያሉበትን ክፍል ሲከፍቱልኝ ደንግጬ ቆምኩ። ወለሉ ምንጣፍ ነው። መስኮቱ መጋረጃ አለው። እኔ ድሬ ላይ ጠዋት ጠዋት ከማሽኔ ላይ አሸዋ በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲብስ አጥፍቼው በካርቶን አራግብለታለሁ። እዚህ ማሽኖቹ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ይኖራሉ።

ዲስኬቴን እየከተትኩ አንድ በአንድ ጀመርኩ። ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆይቶ ውስጡን ይናገራል፤ እኔም ክዳኑን ከፍቼ በመዝገብ ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ። አንዱ ማሽን በመዝገብ የተጻፈለት ሚሞሪ፣ ማለት ማስታወሻው፣ ግማሹ የለም፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ከተጻፈለት በላይ አለው። ሰው አንዱን አስርቦ ሌላውን አጥግቧል። አንዱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ቆሟል።

ከአንድ መሳቢያ ግን ፕላስቲኩ ያልተነሳ የሒሳብ ፕሮግራም ወጣ። ለድሬዳዋ እንዲላክልኝ ደጋግሜ የጻፍኩበት ነው። «አገር ውስጥ የለም» ነበር መልሱ። አቧራ እንኳ አልነካውም፤ ተረስቶ ነው የተቀመጠው። ሳልከፍተው አሸተትኩት ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ እውነቴን ነው።

ማታ ለሂሩት ያሰፋሁላትን ቀሚስ አወጣሁ። ከፎቶዋ ገምቼ ነበር ያሰፋሁት። ከጉልበቷ በላይ ቀረ፤ ትከሻዋም አልገባ አለ። ሂሩት «ያምራል» አለች፤ የሰለጠነች ልጅ ናት። በላይነሽ ምንም ሳትል ከሳጥኗ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጨርቅ ፈልጋ፣ ጎኑን ተርትራ፣ ጫፉን ቀጥላ አስተካከለችው። ሲያልቅ የእኔ ስጦታ የእሷ ሥራ ሆነ። ልጄም «አመሰግናለሁ» ስትል ዓይኗ ወደ እህቴ መርፌ ነበር።

ሐሙስ

የፒያሳው ቅርንጫፍ እህቴ ከምትሠራበት ኬክ ቤት ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ሂሩትን «ሥራዬን አታይም?» ብዬ ይዣት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ልታየኝ ፈልጌ ነበር። እህቴ ኬክ ትሸጣለች፤ እኔ ኮምፒውተር አናግራለሁ።

ማሽኑን አስነስቼ ጽሑፉ መስታወቱ ላይ ሲወርድ ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች።

«ይሄን ሁሉ ራሱ ነው የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ እንዲናገር ያደረግኩት።»

«ሌላ ከተማ ያለውንስ ከዚህ ሆነሽ መጠየቅ አትችይም?»

«አይቻልም። ሽቦ የለውም። አጠገቡ መቀመጥ ነው።»

አገጯን በእጇ ይዛ ቆየች። ልቤ ሞላ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ውይ፣ እማዬ ብታየው!» አለች።

ከቅርንጫፉ ስንወጣ ኬክ ቤቱ ገባን። እህቴ ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ሽርጥ አድርጋ ቆማለች። «ሽርጥ» ስል የእኛን የወንዶቹን እንዳይመስላችሁ፤ ደረት ላይ የሚታሰር ነው። የሚገባው ሁሉ በስሟ ይጠራታል። ወርቅ ሠሪው፣ ጋዜጣ አዟሪው፣ ከላይኛው ቢሮ የምትሠራዋ ሴትዮ። ማኪያቶና ቁራሽ ኬክ አቀረበችልኝና፣ «እህቴ ናት፤ የኮምፒውተር ሊቅ ናት» ብላ ለሁሉም አወጀች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ድሬ ላይ ሻይ ቤት ገብቼ በስሜ የሚጠራኝ ስንት ሰው እንዳለ እያሰብኩ ኬኩን ጨረስኩ።

ማታ እራት ሲቀርብ ጠረጴዛው ጠባብ ነውና እህቴ የተቀመጠበትን ሁሉ አነሳች። ስታነሳ አይቻታለሁ፤ ምን እንዳነሳች ግን ልብ አላልኩም።

ዓርብ

ጠዋት የዲስኬቱን ሳጥን ፈልጌ ያገኘሁት ትልቁ ሬዲዮ ላይ ነው። ቸኩዬ ስለነበር አንስቼው ወጣሁ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጓድ ታደሰና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው የቆጠራውን ዝርዝር አትሜ እንዳሳያቸው ተሰብስበው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ዲስኬት ከተትኩ። ማሽኑ ማንበብ አልችልም አለ። ሁለተኛውንም አልችልም አለ። ከባልደረቦቹ አንዱ «ድሬ ላይ ላብ አልቦት ይሆናል» አለና ሳቁ። ጓድ ታደሰ አልሳቁም፤ ያም ባሰብኝ።

ከዚያ ሬዲዮው ትዝ አለኝ። ዲስኬት ማግኔት ከተጠጋው የተጻፈበት ይጠፋል። በትልቅ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ማግኔት አለ። የፕሮግራሙ ቅጂ በእጅ ቦርሳዬ ስለነበር ተርፏል፤ የቆጠርኩት ግን ሁሉ ሄዷል።

ቤት ስደርስ ሹራቤን እንኳ አላወለቅኩም። «እቴቴ፣ ሳጥኔን ሬዲዮ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

እህቴ ከሽንኩርቱ ቀና አለች። «እኔ ነኝ። ወጥ እንዳይነካው ብዬ። ምነው?»

«ጠፋ! ሥራዬ በሙሉ ጠፋ!»

«ወይኔ፣ እኔ መች አውቄ...»

«የእኔ የሆነውን ለምን ትነኪያለሽ?» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስፈራኝ። «ሳጥኔንም፣ ቀሚሴንም፣ ልጄንም! የእኔ የሆነ ነገር እጅሽ ሳይገባ አይቀርም?»

ሂሩት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ መሃላችን ገባችና «እማዬ አይደለችም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች።

ዋሸች። እህቴም ልጅቷ እንደዋሸችላት ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ልጅቷም እንደምናውቅ ታውቃለች። እኔን ያቃጠለኝ የጠፋው ሥራ አልነበረም። እኔን ለማዳን የዋሸ ልጅ ኖሮኝ አያውቅም።

«እሑድ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ፤ ዕቃሽን አዘጋጂ» አልኳት።

እሷ ወደ እህቴ አየች። እህቴ ወደ ሽንኩርቱ።

ቅዳሜ

ስነሳ በላይነሽ ለብሳ ትጠብቀኛለች። «ከሥራ አስፈቅጃለሁ፤ እንሂድ» አለች። ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ፤ ተከተለችኝ።

ጠዋቱን ዋናው መሥሪያ ቤት እንደገና ቆጠርን። እኔ ማሽኑን አስነሳለሁ፤ እሷ ክዳን ትይዝልኛለች፣ የበተንኩትን ብሎን ትሰበስብልኛለች። በዚህ ጊዜ የሚነበበውን ሁሉ በወረቀትም ገለበጥኩ። ፒያሳ ስንደርስ ግን ቅርንጫፉ ለቅዳሜ ከሰዓት ተዘግቷል። ዘበኛው ጋሽ ደገፉ «ሰኞ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እህቴ ቀረብ አለች።

«ጋሽ ደገፉ፣ እኔ በላይነሽ ነኝ።»

«በላይነሽ? የትናንቱን ዳቦ የዛሬ ነው እያልሽ የምትሸጪልን?»

«እርስዎ የትናንቱን ሻይ እየጠጡ የዛሬ ዳቦ ምን ያደርግልዎታል?»

ሳቁና ካፖርታቸውን ደርበው ቁልፍ ያዡን ከቤቱ ሊጠሩልን በዝናብ ወጡ። እኔ በዋናው መሥሪያ ቤት ማኅተም ያልከፈትኩትን በር እሷ በቀልድ ከፈተችው። በዚህም ቀናሁ፤ ልደብቃችሁ አልችልም።

በረንዳው ላይ ቆመን ስንጠብቅ እህቴ ዝናቡን እያየች መናገር ጀመረች።

«ጽጌ፣ የድሬ ባቡር የሚገባባቸውን ቀናት ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስመለስ እሮጣለሁ። አንቺ መጥተሽ ወስደሻት፣ ቤቱን ባዶ የማገኘው እየመሰለኝ።»

ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሸሽቼ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ፤ ቀጠለች።

«ታምማ ስትቃዥ 'እማዬ' ትላለች። እኔ አለሁ እላታለሁ። ግን የትኛችንን እንደምትጠራ አላውቅም። እጇን ይዤ በአንቺ እቀና ነበር። አምጠሽ የወለድሽው አንቺ ነሽ፤ እኔን ግን ማንም መጥቶ አምጪ ሊለኝ ይችላል።»

እህቴ በእኔ ትቀናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ያቺ ፒያሳ በሙሉ የሚጠራት ሴት! የማይረባ ነገር ተናገርኩ፤ «እኔ እኮ ከፎቶ ላይ ነው ልብስ የማሰፋላት» አልኳት። ተቃቀፍን ብዬ አላሳምረውም። ነጠላዋን ግማሹን እኔ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ጋሽ ደገፉ ቁልፉን ይዘው እስኪመጡ እንዲሁ ቆየን።

ሥራውን ስንጨርስ ወደ ቸርችል ተመልሰን ለጓድ ታደሰ አስረከብኩ። ጨለምለም እስኪል ቢሯቸው ቁጭ ብለው ጠብቀውኛል። ዝርዝሩን አንብበው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና ያንን ያልተከፈተ ፕሮግራም ከመሳቢያው አውጥተው፣ ወደ ድሬዳዋ መዛወሩን ፈርመው ሰጡኝ።

ቤት ገብተን ሦስታችን ተቀመጥን። ሂሩትን ጠየቅናት፤ ሁለታችንም ስንጠይቃት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ብዙ አሰበች። «ትምህርት ቤቴን አልለቅም» አለች። «እማዬም ብቻዋን ታድራለች። ግን ክረምቱን እመጣለሁ። በየክረምቱ።» እህቴ ተነስታ የልጅቷን ሻንጣ ከአልጋው ሥር አወጣችና የወባ መድኃኒቱን ከሁሉም በላይ አኖረችው። እኔ ጠቅልዬ ልወስዳት ነበር የሄድኩት፤ ክረምት ተሰጠኝ። አልበቃኝም። ተቀበልኩ።

እሑድ

ለገሃር ላይ እህቴ ከባቡሩ ጋር ጥቂት ተራመደች፤ ሮጠች አልልም፤ ከዚያ ቆመች። ሂሩት ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጥፋ እስከ ሞጆ አለቀሰች። ላባብላት ስሞክር ትከሻዋን ሰበቀች። ናዝሬት ላይ ምግብ ገዛሁላት፤ አልነካችውም። መተሐራ ላይ ሐይቁን አሳየኋት፤ «አየሁት» አለች። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ከፎቶዋ ይልቅ የራቀችኝ መሰለኝ።

አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ ገባ። ሹራቧን አወለቀችና ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «እማዬ አሁን ምን እየሠራች ይሆን?» አለች።

ከዚህ ቀደም ቢሆን ይህ ጥያቄ ያንገበግበኝ ነበር። አሁንም አንገበገበኝ። ግን «ታውቂያለሽ፣» አልኳት፣ «እማዬሽ በአንቺ ዕድሜ ሳለች የድሬን ደቻቱ ወንዝ ልትሻገር ስትል ጎርፍ መጥቶባት ያውቃል።»

ዞረች። «እማዬ?»

«ውኃ የለም ብላ አህያ ላይ ሆና ገባች። አህያዋ ከእሷ ይልቅ ብልህ ነበረችና መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እማዬሽ ትለምናታለች፣ ትሳደባለች፣ ትዘፍንላታለች...»

«ዘፈነችላት?»

«ከዚራ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።»

ሂሩት ሳቀች። ከለገሃር ወዲህ፣ ምናልባትም ከመጣሁ ወዲህ፣ ለእኔ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። በላይነሽ ይህን ነግራት አታውቅም። በላይነሽን ልጅ ሆና የሚያውቃት፣ ስትፈራና ስትዋረድ ያያት፣ ከእኔ በቀር በሕይወት የቀረ ሰው የለም። ልጄን ወደ እኔ የሚስብ ሌላ ወሬ ብፈልግ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ያው የምቀናባት እህቴ ወሬ ነው።

ልጅቷ ከመስኮቱ ተነስታ ወደ እኔ ተጠጋች። ከገዛሁላት ምግብ ቆረሰችና አፏ ሞልቶ፣ «ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ ጎርፉ መጣ» አልኳትና ቀጠልኩ።